አያያዙን አይተው

ቀይ እስክሪብቶ አልወድም። ግን ኪሴ ውስጥ አይጠፋም። ቀን ባንክ ነው የምሠራው። ኬሚስትሪ ተመርቄ ባንክ። አዲስ አበባ ውስጥ «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም ቤት አንድ እንደኔ ያለ አለ። ማታ ማታ ደግሞ የጎረቤታችንን ልጅ አስጠናለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናዋ እየደረሰ ነው።

ባለፈው ወር አንድ መልስ ላይ ኤክስ አደረግኩባት። ጥያቄው አጭር ነበር። የአይረን ትሪ ክሎራይድ ሶሉሽን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟ የብረት ጨው፣ በመዳብ ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? እሷ «አይቻልም፤ ዕቃውን ይበላዋል» ብላ ጽፋለች። እኔ ማን ለማን ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ የሚነግረውን ሰንጠረዥ አየሁ፣ ቀነስኩ፣ ኔጌቲቭ መጣ፤ አይበላውም ማለት ነው። ስለዚህ ይቻላል። ኤክሱን አሰመርኩ። ደሞ ወፍራም አድርጌ። «መዳብ ለብረት ኤሌክትሮን አይሰጥም። ብረት ነው ለመዳብ የሚሰጠው። ይቺን ከያዝሽ አለቀ» አልኳት። ዝም አለች። ዝም ስትል ገብቷት ይመስለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል በር ላይ ቆሜ ያ ኤክስ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም።

ቸርችልን በእግር

ያንን ሰንጠረዥ፣ የስታንዳርድ ሪዳክሽን ፖቴንሻል ሰንጠረዥን፣ የተማረ ሰው ቢያንስ መልኩን አይረሳውም። በአንድ በኩል ፊደልና ቀስት፣ በሌላ በኩል ቁጥር። አንዱ ጫፍ ላይ ሊቲየም −3.04 ቮልት፣ ሌላው ጫፍ ላይ ፍሎሪን +2.87፣ መሐል ላይ ሃይድሮጅን ዜሮ። እኛ ሸምድደነው ነው ያለፍነው። ለልጅቷ ግን ሽምደዳው አልሆነላትም። እኔም ቸርችል ጎዳናን አመጣሁላት።

ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ያለውን ቁልቁለት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ኤሌክትሮንን እንደ ኳስ አስባት። ከላይ ከለቀቅካት ትወርዳለች፤ ከታች ወደ ላይ በራሷ አትወጣም። እንግዲህ ማዘጋጃ ጋ ዚንክን አስቀምጥ፣ −0.76። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ብረትን፣ −0.44። ጥቁር አንበሳ ጋ ሃይድሮጅን፣ ዜሮ። ፖስታ ቤት መዳብ፣ +0.34። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ብር፣ +0.80። ለገሃር ወርቅ፣ +1.50። ወርቅ ቤቶቹ እላይ ፒያሳ ሆነው ወርቁ ታች መገኘቱ ትንሽ ያስቃል። ምን ይደረግ፣ መንገዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።

ከዚህ በኋላ ሥራው መቀነስ ብቻ ነው። ከማዘጋጃ እስከ ፖስታ ቤት ስንት ይወርዳል? 0.34 ሲቀነስ −0.76፣ 1.10 ቮልት። እንግሊዛዊው ጆን ፍሬድሪክ ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1836 ከእነዚሁ ከዚንክና ከመዳብ የሠራው ባትሪ የሚሰጠው ይህንኑ ያህል ነው። ዚንኩ እያለቀ ይሄዳል፣ መዳቡ እየወፈረ ይሄዳል፣ ኳሷ ደግሞ በሽቦ ትወርዳለች።

ልጅቷ አንድ ጥሩ ነገር ጠይቃኝ ነበር። «ዜሮው ማን ነው የሰጠው?» አለችኝ። ማንም። ስምምነት ነው። የአንዱን ፌርማታ ከፍታ ለብቻው የለካ ሰው የለም፤ የሚለካው ሁልጊዜ በሁለት ፌርማታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኬሚስቶች ሃይድሮጅንን ዜሮ እንበለው ተባባሉ፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ተቆጠረ። ለእግረኛው ምንም ለውጥ የለውም። ቸርችልን የሚወጣ ሰው የሚያልበው በዳገቱ ነው እንጂ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር በመሆኑ አይደለም።

ደግሞ አንድ ተረት አለችን፣ ለዚህ ትምህርት ተብላ የተተረተች የምትመስል። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት።» ጭብጦዋ ኤሌክትሮን ናት። ቁጥሩ የአያያዝ መለኪያ ነው። ዚንክ ጭብጦውን ላላ አድርጎ ይይዛል፤ ያየው ሁሉ ይቀማዋል። ወርቅ ጨብጦ ነው የሚይዘው፤ የሺህ ዓመት ወርቅ ከመቃብር ሲወጣ የሚያብረቀርቀው ለዚህ ነው። ይቺን ተረት ስነግራት ልጅቷ ሳቀች፤ እኔም በራሴ ኮራሁ። ኩራቱ ብዙ አልቆየም።

«ብረት ነው»

ፒያሳ የሄድኩት በሌላ ጉዳይ ነው። የአባቴ አምፕሊፋየር ድምፁ ይቆራረጣል። አባቴ ደግሞ እሁድ ጠዋት ያለሱ አይሆንለትም። ድሮ የማውቃቸው ጠጋኞች ሰፈሩ ሲፈርስ ተበትነዋል። ሰው ጠይቄ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወረድ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰማሁ። ክፍላቸው የአልጋ ስፋት ነው የሚያክለው። ግድግዳው ሙሉ የሬዲዮ ሬሳ። የጋለ ካውያና የሊድ ሽታ ከበሩ ላይ ይቀበልሃል።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ «አስቀምጠው፤ ይቺን ልጨርስ» አሉኝ። ቆምኩ። የጀሪካን ግርጌ በቢላ ቆርጠው እንደ ሳህን አድርገውታል። ሳህኑ ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ዕቃ ላይ ተንሳፍፏል። ውስጡ ቡናማ ፈሳሽ አለ፣ የመጀመሪያው ጀበና ቡና የመሰለ። እሳቸው ሳህኑን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ እያሉ ያወዛውዙታል፤ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት።

«ጋሼ፣ ምን እያጠቡ ነው?»

«አላጥብም። እያስበላሁ ነው።»

ጠጋ አልኩ። ፈሳሹ ውስጥ የእጅ መዳፍ የምታክል ሰሌዳ አለች። አንድ ፊቷ በመዳብ የተለበጠ ነው፣ ያ ሮዝ የመሰለው የአዲስ መዳብ ቀለም። መዳቡ ላይ በማርከር መስመር ተሰምሯል። ቀጭን፣ ጥንቅቅ ያለ፣ እየታጠፈ የሚሄድ። እሳቸው የማይገኝ ቦርድ ሲያጋጥማቸው ራሳቸው ይሠሩታል ማለት ነው። ይህን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የመዳቡ ማብረቅረቅ ጠፋ፤ ደብዘዝ አለ። ቀጥሎ ጠርዙ ላይ ሰሌዳው ብቅ አለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ፈዛዛ ቢጫ። ከዳር ወደ መሐል ይገባል፣ ወረቀት ሲቃጠል እንደሚገባው። ግን እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። አንዲት የመዳብ ደሴት መሐል ላይ ትንሽ ቆየች፤ ሳህኑ ሁለት ሦስቴ ሲወዛወዝ እሷም የለችም። የቀረው በማርከሩ ሥር የተጠለለው ብቻ ነው።

«አሲድ ነው?» አልኩ።

«ብረት ነው።»

«ብረት?»

«ፌሪክ ክሎራይድ። የብረት ጨው በለው።»

እዚህ ጋ ነው ያልኩትን ያልኩት። ትንሽ ፈገግ ብዬም ነበር፣ እንደ ተማረ ሰው። «ጋሼ፣ ብረት እኮ መዳብ አይበላም።»

ከመነፅራቸው በላይ አዩኝ። «አንተ አይበላም በል። እሱ እየበላ ነው።»

ጆሮዬ ጋለ። ፌሪክ ማለት አይረን ትሪ ማለት ነው፣ ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው ብረት። አይረን ትሪ ክሎራይድና መዳብ። የልጅቷ ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል። ልዩነቱ የሷ መዳብ ዕቃው ሲሆን የሳቸው መዳብ ዕቃው ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። እኔ «ይቻላል» ያልኩት ዕቃ እዚህ ዓይኔ እያየ አንድ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አልቋል።

ሰሌዳዋን ሊያወጡ ሲሉ አጠገባቸው የነበረውን ማንኪያ ላቀብላቸው ብዬ አነሳሁ። እጄን መለሱት። «ብረት አትክተትበት። መዳቡን ትቶ ማንኪያዬን ነው የሚበላው» አሉና በፕላስቲክ መቆንጠጫ አወጧት። ብረት ብረትን? እሱም አልገባኝ አለ። በዚያው ግርግር አንዲት ጠብታ የነጭ ሸሚዜ እጅጌ ላይ አረፈች። ወዲያው ቢጫ ሆነች። «ይሄ እንኳ አይለቅህም» አሉኝ እያዘኑ። እናቴ በሎሚና በጨው አሽታው ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። አሁንም አለ።

ብረት ሁለት ቤት አለው

ከፒያሳ ታክሲ አልያዝኩም። ቸርችልን በእግሬ ወረድኩ። ማሰብ ነበረብኝ፤ ለማሰብ ደግሞ ከራሴ ሰንጠረዥ የተሻለ ቦታ የለም።

ማዘጋጃ፣ ዚንክ። እሺ። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ብረት። እዚህ ቆምኩ። ብረት ሰፈሩ እዚህ ነው ብዬ ነው ያስተማርኩት። መዳብ ታች ፖስታ ቤት ነው። ከፖስታ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ኳስ አትወጣም። ምስማርን ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ብትከተው መዳብ ይለብሳል፤ 0.34 ሲቀነስ −0.44፣ 0.78 ቮልት ቁልቁለት አለው። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተማሪ ሆኜ። ታዲያ ሽማግሌው ሳህን ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ቁልቁለቱ ተገለበጠ?

ስልኬን አውጥቼ ሰንጠረዡን ከፈትኩ። አንድ የቆመ ሰው አደባባይ ዳር ላይ ኬሚስትሪ ያነባል። ብረት የሚለውን ፈለግኩ። ሦስት ቦታ አለ። ሦስት! ስንት ዓመት ሳየው የኖርኩት ሰንጠረዥ ነው።

አንደኛው ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ብረት ሁለቱን ተቀብሎ ብረት ሲሆን ነው፤ −0.44። ሁለተኛው ሦስት የጎደለው ሦስቱንም ተቀብሎ ብረት ሲሆን፤ −0.04። ሦስተኛው ግን ሦስት የጎደለው አንዲት ብቻ ተቀብሎ ሁለት የጎደለው ሲሆን ነው፤ +0.77። ፕላስ ሰባ ሰባት! ይሄ ብሔራዊ ቴአትር ነው፣ የብር ጎረቤት። ከፖስታ ቤት በታች።

የእኔ ጥፋት ያኔ ነው የገባኝ። ጥያቄው ላይ ሦስት የጎደለ ብረት ሳይ፣ ሦስቱንም አስቀብዬ ብረት ላድርገው ብዬ −0.04ን ወሰድኩ። ከዚያ ላይ 0.34 ቀነስኩ። −0.38። አይሆንም። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ምን ያደርጋል። መዳብ ሦስት የጎደለውን ብረት እስከ ብረትነቱ ሊመልሰው አይችልም፤ እውነት ነው። የተጠየቅኩት ግን ይሄ አልነበረም። የተጠየቅኩት ዕቃው ይበላል ወይ ነው። ለመበላት ደግሞ ብረቱ እስከ መጨረሻው መሄድ የለበትም። አንዲት ፌርማታ ይበቃዋል። ኳሷ ፖስታ ቤት ተሳፍራ ብሔራዊ ወራጅ አለ ትላለች። 0.77 ሲቀነስ 0.34፣ 0.43 ቮልት። ፖዘቲቭ። ሽማግሌው ሳህን ውስጥ የሆነው ይሄ ነው። መዳብ ሁለት ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ሁለት ብረቶች አንድ አንድ ይካፈላሉ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የብረትን ስም ያወጣው መልአክ ግን አንድ ስም ለሁለት ጠባይ ነው የሰጠው። ብረት የሆነው ብረት ለጋስ ነው፤ ለመዳብ ይሰጣል። ሦስት የጎደለው ብረት ቀማኛ ነው፤ ከመዳብ ይወስዳል። እኔ ስሙን ሰምቼ ፈረድኩ። ሰንጠረዡ ግን አንድም ቦታ ላይ «የብረት ቁጥር» አላለም። ከምን ወደ ምን የሚለውን ነው የጻፈው። እያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ነገር አለ፣ የጎደለውና የሞላው። ቁጥሩ የጥንዱ ነው። ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግራ ጎን ላይ ተጽፎ ሳየው ኖሬያለሁ፤ ዓይኔ ግን ዘሎ ቀኝ ላይ ያለውን ቁጥር ነበር የሚያነበው።

የማንኪያዋም ነገር እዚያው ተፈታልኝ። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ብሔራዊ ያለው ቁልቁለት 0.77 ሲቀነስ −0.44 ነው፣ 1.21 ቮልት። መዳብ ካለው ቁልቁለት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሦስት የጎደለው ብረት ከገዛ ወንድሙ ይቀማል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሁለት የጎደላቸው ሆነው ያርፋሉ። ሽማግሌው ቮልቱን አላሰሉም። ማንኪያ ነው ያለቀባቸው።

ያቺ −0.04 ግን አልለቀቀችኝም። ከየት መጣች? ቤት ገብቼ በባንክ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠራሁት። እንደ ጤፍ ነው። አንድ ኪሎ ማኛና ሁለት ኪሎ ሰርገኛ ቀላቅለህ ብታስፈጭ፣ የድብልቁ የኪሎ ዋጋ የሦስቱ ኪሎ አማካይ ነው። እዚህም አንዷ ኤሌክትሮን +0.77 ላይ ትገባለች፣ ሁለቱ −0.44 ላይ። ስትደምራቸው −0.11፤ ለሦስት ስታካፍለው −0.04 ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ያ ቁጥር አማካይ ነው ማለት ነው። ኳሷ የምታርፍበት ፌርማታ አይደለም። እኔ ማንም በማይኖርበት አድራሻ ሄጄ አንኳኩቼ፣ የሚከፍት ሳጣ «ሰው የለም» ብዬ ተመለስኩ።

በነገራችን ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ሌላም ቦታ እዚሁ አጠገብ አለ። ሁለት ብረት ስለሚያስፈልግ 0.77ን በሁለት ያባዙታል። አይባዛም። ቮልት የኪሎ ዋጋ ነው። ሁለት ኪሎ ስለገዛህ የኪሎው ዋጋ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የምትከፍለው ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰንጠረዡን በጥርጣሬ ነው የማየው። ውሸታም ሆኖ አይደለም። የሚለውን ብቻ ነው የሚለው፤ ትርፉን የምንጨምረው እኛ ነን።

ወጥ ቤት ግባ። አሉሚኒየም ድስት አለ። አሉሚኒየም −1.66 ነው። ቸርችል ላይ ቦታ የለውም፤ ከማዘጋጃም በላይ፣ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ። በሰንጠረዡ መሠረት ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን እየለቀቀ መሟሟት ነበረበት። እናቴ ግን በዚያው ድስት ስንት ዓመት ሽሮ ሠራችበት። አየር ሲነካው የሚለብሳት በዓይን የማትታይ የኦክሳይድ ልብስ አለችው፤ እሷ ናት በሩን የዘጋችው። ቁልቁለቱ አለ። ኳሷ ግን አልተነቃነቀችም። ሰንጠረዡ መውረድ ይቻላል ይላል፤ መቼ አይልም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ይሄን ይመስለኛል።

አንዳንዴ ደግሞ ሰንጠረዡ ጭንቅላትህ ላይ ነው ያለው። የቤታችን ቆርቆሮ ማለቴ ነው። ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንኩን ብዙ ሰው እንደ ቀለም ያየዋል። ቀለም ቢሆን ኖሮ በምስማር የተጫረችው ቦታ ሁሉ ወዲያው ይዝግ ነበር። ግን ማዘጋጃው ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ነው፤ ዚንክ እያለ የሚቀማው ዚንክ ነው። ጭረቷ አጠገብ ያለው ዚንክ ራሱን እየሰጠ ብረቱን ያቆየዋል። ዝገት የሚጀምረው ሰጪው ሲያልቅ ነው።

ደግሞ «ስታንዳርድ» የምትለዋ ቃል አለች። ሶሉሽኑ በሊትር አንድ ሞል፣ ሙቀቱ በልማድ 25 ዲግሪ። ሽማግሌው ጀሪካን ውስጥ አንዱም የለም። ፈሳሹ ወፍራም ነው፣ ሙቅ ነው፣ ክሎራይዱ ደግሞ መዳቡንም ብረቱንም እያቀፈ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ የሳቸው ሳህን ቁጥር በትክክል 0.43 አይደለም። አቅጣጫው ግን አይቀየርም፤ 0.43 ሰፊ ነው። «ሲቆይ ይደክማል» ብለውኝ ነበር ስለ ፈሳሹ። ጀርመናዊው ዋልተር ኔርንስት እ.ኤ.አ. በ1889 በቀመር ያስቀመጠው ድካም ነው። በ25 ዲግሪ፣ አንዲት ኤሌክትሮን ስትተላለፍ፣ የጎደለውና የሞላው የመጠን ሬሾ አሥር እጥፍ በተለወጠ ቁጥር ቮልቱ በ0.059 ይንቀሳቀሳል።

0.059 ትንሽ ይመስላል። ብሔራዊ ላይ ግን ትልቅ ነው። ብር 0.80፣ ሦስት የጎደለው ብረት 0.77። ልዩነቱ 0.03 ብቻ። እዚህ ሰፈር ማን ለማን ይሰጣል የሚለውን ሰንጠረዡ ብቻውን አይነግርህም፤ ማን በዛ የሚለውንም መጠየቅ አለብህ። በአሥር እጥፍ ለውጥ አቅጣጫው ይገለበጣል።

ወርቅም ቢሆን ለዘላለም ለገሃር አይቀመጥም። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን አይነካውም፤ የናይትሬት ቁጥር 0.96 ነው፣ ወርቅ ደግሞ 1.50። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ግን ክሎራይዱ የወጣውን ወርቅ ያቅፈዋል፤ ጥንዱ ይቀየራል፣ ቁጥሩም ወደ 1.00 ይወርዳል። ኮስተር ላለ፣ ውሃ ላልበዛበት ናይትሪክ አሲድ ያ ልዩነት ምንም አይደለም። ወርቁ ያው ወርቅ ነው። አብሮት የቆመው ነው የተቀየረው። ይሄን ተማሪ እያለሁ አራት ኪሎ በቃሌ ይዤው ነበር፣ ለፈተና። ስለ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ሸሚዜ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ላጲስ

ሽማግሌውን አምፕሊፋየሩን ልወስድ ስመለስ ትንሽ ፈሳሽ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ። በሽሮፕ ብልቃጥ ቀዱልኝ። «ቧንቧ ውስጥ እንዳትደፉት» አሉኝ ሁለት ጊዜ።

ማታ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። ደብተሩን አምጪው አልኳት። እንዴት እንደምነግራት መንገድ ሙሉ ሳሰላስል ነው የመጣሁት። «ያቺ ጥያቄ፣ የመዳቡ ዕቃ» አልኩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ነው ትክክል።»

ደብተሩን ገልብጣ አሳየችኝ። መልሷ የለም። በላጲስ አጥፍታው «ይቻላል» ብላ ጽፋበታለች፤ በእርሳስ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈቷ። ወረቀቱ ከመፋቅ ብዛት ሳስቷል። ኤክሱ ግን ከጎኑ እንዳለ ነው።

ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። ከተፋቀው ሥር አንድ ነገር ይታያል። 0.77። ከሱ ሥር 0.34። ከሱ ሥር መስመር። ከመስመሩ ሥር 0.43።

«ይሄን ሠርተሽ ነበር?»

«አዎ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንተ −0.04 ስትል የወሰድኩት ቁጥር የተሳሳተ መሰለኛ። ብረት ሦስት ቦታ ነው ያለው፤ የቱን እንደሚወሰድ አላውቅም ነበር። ገምቼ ነው።»

አልገመተችም። ጥያቄው የሚለውን ነው ያነበበችው። ይህን ልነግራት ፈለግኩና ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከኤክሱ አጠገብ ራይት አደረግኩ። አሁን ሁለቱም እዚያ ናቸው። ቀይ በላጲስ አይጠፋም።

ጆሮው የተሰበረ ሲኒ ሰጠችኝ፣ ከእንግዲህ ቡና የማይጠጣበት። ከብልቃጡ ትንሽ አፈሰስኩ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የመዳብ ሽቦ ልጣ አመጣች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች። ግማሿን ውስጥ፣ ግማሿን ውጭ አድርጋ በሲኒው ከንፈር ላይ አጠፈቻት።

«ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?» አለችኝ።

«ሰንጠረዡ ላይ የለም።»

ስልኳን አወጣች፣ ሰዓት ያዘች።